ነርሷና ኤክስቴንሽኗ በአንድ በር ሲገቡ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የቤት ለቤት የጤና ጥናት ለምታስተባብሩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የውኃ ፈረቃ የደረሰበት ጠዋት ነበር። የቤቱ እናት በሩን ከፍተው አስገቡንና ተቀመጡ፤ ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስራ ቁልፉን ተጫነች። 158 በ96። ቁጥሩን ታብሌቱ ላይ ልታስገባ ስትል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀስ ብላ፣ «ሲስተር፣ እማማ አሁን ነው ጀሪካን ተሸክመው የወጡት፤ ከታች ሳገኛቸው ሁለተኛቸው ነበር» አለቻት። ጠበቅን። ስለ ልጆቻቸው አወሩን፣ ላባቸው ደረቀ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ 131 በ82 ሆነ።

ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ማረፍ እንደሚያስፈልግ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ነርሷም ታውቀዋለች። ግን የዕለት ድርሻዋ አሥራ ሁለት ቤት ነበር። ያን ቀን መረጃውን ያዳነው ኤክስቴንሽኗ ደረጃው ላይ ያየችው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስከፋፍል አንድ ነገር እይዛለሁ፦ ልኬቱ የነርሷ ነው፣ ደጃፉ የኤክስቴንሽኗ ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ነርሷም እኔም እንሄዳለን፤ እሷ ግን በማግስቱ ያንኑ በር ታንኳኳለች። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእሷን ስም ሰፈሩ ውስጥ ሳያበላሹ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ስለመመለስ ነው። ለምሳሌ የምጠቀመው ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የደም ግፊትና የስኳር መጠን የሚለካ ጥናት ነው፤ ክትባትም ይሁን የሕፃናት አመጋገብ ብታጠኑ አካሄዱ ብዙም አይለይም።

1. መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እወቁ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀመረ። ከስድስት ዓመት ግድም በኋላ ወደ ከተማ ሲገባ የተመለመሉት በነርስነት ተመርቀው ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ነርስ» እና «ኤክስቴንሽን» ብላችሁ ስትከፍሉ፣ አንድ ዓይነት ዲፕሎማ ያላቸውን ሁለት ሴቶች አንዷን ባለሙያ፣ ሌላዋን መንገድ መሪ እያላችኋቸው ሊሆን ይችላል። ይህ በጣም ያስከፋል፤ ቅሬታው በቃል ባይወጣም ሥራው ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ስብሰባ የእያንዳንዷን ሙያና የአገልግሎት ዘመን ጠይቁና ስም ዝርዝሩ ላይ አስፍሩ።

በዕቅዱ አንዲት የከተማ ባለሙያ ወደ 500 አባወራ ትይዛለች። የቤተሰብ ማህደር (የእያንዳንዱን ቤት የጤና መዝገብ) ትሞላለች፣ ክትባት ያቋረጠ ሕፃን ታፈላልጋለች፣ ዘመቻ ሲመጣ ትወጣለች፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እድሳት ሲደርስ ቤት ለቤት ትቀሰቅሳለች። የእናንተ ጥናት የሚጨመረው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። የመስክ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የጤና ጣቢያውን የሁለት ወር ዕቅድ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ዘመቻ ያለበት ሳምንት ላይ ከጀመራችሁ ባለሙያዋን አታገኟትም፤ ካገኛችኋትም ደክማለች።

2. ደብዳቤው አስፋልቱን አይሻገርም

በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የጸደቀውን የጥናት ዕቅድ (ፕሮቶኮል) ይዛችሁ ከጤና ቢሮ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወርድ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ዳርቻው ላይ የሚረሳው ድንበሩ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ናቸው፤ የሚተዳደሩትም በኦሮሚያ ክልል ነው። ጥናታችሁ መንገዱን ከተሻገረ ፈቃዱ በኦሮሚያ ጤና ቢሮ በኩል እንደገና ይጠየቃል፣ መጠይቁም በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጃል፣ ቤት ለቤት የምትዞረውም ቋንቋውን የምትናገር ትሆናለች። የናሙና ካርታችሁን ሳታጸድቁ ከወረዳው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ «ይህ ብሎክ የማን ነው?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ።

ደብዳቤው ጤና ጣቢያ ደርሶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከቀረ አልደረሰም ማለት ነው። ግልባጩን ለሜትሮኗ (ለነርሶቹ ኃላፊ) እና ለኤክስቴንሽን አስተባባሪዋ በእጃችሁ ስጡ። ባለሙያዋ በየትኞቹ ቀናት ለጥናቱ እንደተለቀቀች በጽሑፍ ይስፈር፤ አለዚያ ከእናንተ ጋር ስትዞር «ከሥራ ቀረች» ተብሎ ይጻፍባታል።

3. ሥራውን በሙያ ስም ሳይሆን በድርጊት ክፈሉ

እንዲህ አድርጌ የከፈልኩት ሠርቶልኛል። ኤክስቴንሽኗ ከአንድ ቀን በፊት ለቤቱ ታሳውቃለች፣ ቡድኑን ታስተዋውቃለች፣ የቤቱን ሰዎች ዝርዝር ታረጋግጣለች፣ ያልተገኘውን ሰው መቼ እንደሚገኝ ጠይቃ ትመዘግባለች፣ ሪፈር የተባለውን ትከታተላለች። ነርሷ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ መጠይቁን ትሞላለች፣ ትለካለች፣ የጣት ደም ትወስዳለች፣ ሪፈር ትጽፋለች።

ፈቃድ መጠየቅን ሆን ብዬ ከኤክስቴንሽኗ ወስጄዋለሁ። ልጃቸውን ያስከተበችላቸው፣ በወሊድ ጊዜ አምቡላንስ የጠራችላቸው ሴት «ይሳተፋሉ?» ስትላቸው እንዴት «አይ» ይላሉ? ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይደለም። ነርሷ ስትጠይቅ ግን «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት ይቀላቸዋል፤ ያሉም ብዙ ናቸው፣ ተመዝግበው ታልፈዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠይቁ ሲጀመር ነው። «ኤክስቴንሽን ባለሙያ ባለፉት ሦስት ወራት ጎብኝታዎታለች?» የሚል ጥያቄ ባለሙያዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ከተጠየቀ መልሱ ያው የታወቀ ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም፤ እሷ ጎረቤት ናት፣ ነገ እድር ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ አስተዋውቃ ትወጣለች። «ትውጣ» ማለት ግን ፀሐይ ላይ ትቁም ማለት አይደለም። በዚያ ጊዜ ቀጣዩን ቤት ሄዳ ታያለች፤ ይህን በዕለቱ ዕቅድ ላይ ጻፉት። ለምን እንደምትወጣ በሥልጠናው ላይ በግልጽ ንገሯት፤ ካልተነገራት እንዳልታመነች ነው የሚሰማት።

ነርሷም ነጭ ጋወኗን ጤና ጣቢያ ትተው፤ ባጅ አንገቷ ላይ ይበቃል። ጋወን ያየ ግፊቱ ይጨምራል። ከዚህም በላይ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጋወን የለበሱ ሰዎች ጊቢ ገብተው ሰው ይዘው ሲወጡ ያየ ሰፈር እስካሁን ይደነግጣል።

4. የቤት ዝርዝሩ፦ ተከራዩ የት አለ?

ዳርቻ ላይ ጥናት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የቤተሰብ ማህደር ጥሩ መነሻ ነው፤ መነሻ ብቻ ግን ነው። አንድ ጊቢ ውስጥ ባለቤቱ ፊት ለፊት ይኖራል፣ ከጓሮ አራትና አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ይከራያሉ። በየክፍሉ ሁለት ሦስት ወጣት ሴቶች፣ ወይም ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። በተለይ በቦሌ ለሚና በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ዙሪያ ሰፈሩ በየጊዜው ይለዋወጣል። ማህደሩ ላይ የተመዘገበው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱን «ሌላ የሚኖር ሰው አለ?» ብትሉት፣ የኪራይ ግብር የምትጠይቁት መስሎት «እኛው ብቻ ነን» ይላችኋል።

ስለዚህ ናሙና ከማውጣታችሁ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የተመረጡትን ብሎኮች እንደገና መዝግቡ። «አባወራ» ማለት ምን እንደሆነ አንድ ትርጉም ያዙና ሁሉም በዚያው ይሥራ፤ እኛ «ከአንድ ድስት የሚበሉ» ብለን ተስማማን፣ ማንም ሳያስረዱት ገባው። ጊቢ ሲገባ የሚጠየቀው «ማን ይኖራል?» ሳይሆን «ስንት ድስት ይጣዳል?» የሚለው ነው። ይህን ያስተማረችን አንዲት ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። አነጋገሩን ስንቀይር የጓሮዎቹ በሮች ተከፈቱልን።

ምዝገባው ሲያልቅ ቤቶቹን በዕጣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ባለሙያዋ አትመርጥም። ክፋት ኖሯት አይደለም። ሰው ሲመጣባት ሞዴል ቤተሰቧን፣ ቡና የሚያፈሉላትን፣ ውሻ የሌለበትን ጊቢ ማሳየት ልማድ ነው። የወጣው ዝርዝር የቤት ቁጥሩን ይዞ ይሰጣታል፤ የተዘጋ ቤት ቢያጋጥም በጎረቤት አይተካም። በተለያየ ቀንና ሰዓት ሦስት ጊዜ ይኬዳል፤ አንደኛው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ፋብሪካ የሚሠሩትን የምታገኟቸው ፈረቃቸውን አውቃችሁ ስትሄዱ ነው። እሱንም የምታውቀው ኤክስቴንሽኗ ናት።

ክረምትን አስቡበት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኮብልስቶን ያልደረሰበት አዲስ ሰፈር ጭቃው እግር ይይዛል፤ በዚያ ወቅት የቤት ኮታውን በሲሶ እቀንሳለሁ።

5. ሥልጠናው አንድ ላይ ይሁን

ነርሶችን ለብቻ ሦስት ቀን፣ ኤክስቴንሽኖችን ለብቻ ግማሽ ቀን ማሠልጠን የተለመደ ነው። አታድርጉት። ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ አራት ቀን፣ ከዚያ በናሙናው ውስጥ በሌለ ሰፈር አንድ ቀን ሙከራ።

የመጠይቁን ቃል የሚያስተካክሉት ኤክስቴንሽኖቹ ናቸው። «ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለብዎ ተነግሮዎት ያውቃል?» የሚለው ትርጉም ስህተት የለበትም። ግን የአቃቂ አሮጊት «ደም ብዛት» ነው የምትለው፤ «የስኳር ሕመም» ሳይሆን «ስኳር» ነው የምትለው። ሁለቱንም ቃል መጠይቁ ውስጥ አስገቡ፣ ሁሉም ጠያቂ አንድ ዓይነት አድርጎ ያንብበው።

ሰዓትና ቀን ላይ ግማሽ ቀን ስጡ። ታብሌቱ የፈረንጅ አቆጣጠር ይዟል፤ ሰው የሚናገረው በእኛ ነው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በላሁ» ያለ ሰው 2:00 ተብሎ ሲገባ ሌሊት የበላ ሆኖ ይቀመጣል፤ የጾም ስኳር ልኬት ደግሞ ትርጉሙ ያለው መቼ እንደተበላ ሲታወቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠያቂዋ የምትሰማውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትጻፍ፣ ልወጣውን ፕሮግራሙ ይሥራ። በጾም ወራት ብዙ ሰው እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይበላ የጠዋት ልኬቱ ይቀልላል፤ በረመዳን ግን ከሱሁር ጀምሮ ነው የምትቆጥሩት።

ዕድሜ ለማያውቁ ሽማግሌዎች የክስተት ዝርዝር አዘጋጁ፦ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ 1983፣ ሚሊኒየሙ። «አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል።

ልኬቱን እርስ በርስ ያለማምዱ። አሥር ሰው አስቀምጡ፣ እያንዳንዷ ነርስ ሁለት ሁለት ጊዜ ትለካ፣ የሌላዋን ውጤት ሳታይ። ሕፃናት ከሆኑ የክንድ ዙሪያ መለኪያው ላይ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት፣ ከዚያ እስከ 12.5 መካከለኛ ስለሆነ የሁለት ሚሊሜትር ስህተት ልጁን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። በዚህ ልምምድ ላይ ኤክስቴንሽኖቹም ይለኩ። ክንድ ሲለኩ ከብዙ ነርሶች የሚበልጡ አሉ፤ ያን ቀን የቡድኑ ዓይን ይለወጣል።

6. የመስክ ቀን

ጠዋት 2 ሰዓት ጤና ጣቢያ፣ ሩብ ሰዓት፣ ቆማችሁ። ትናንት የቀሩ ቤቶች፣ ዛሬ የሚኬድባቸው፣ የለቅሶ ቤት ካለ ማን ጋ እንደሆነ። ለቅሶ ያለበት ብሎክ ሦስት ቀን አይነካም። ይህን የሚነግራችሁ ሪፖርት የለም፤ የእድሩን ጥሩንባ የሰማችው ትነግራችኋለች።

ቦርሳው ውስጥ፦ መለኪያ ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ ትንሽና ትልቅ የክንድ ማሰሪያ፣ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ፣ ላንሴት (የጣት መውጊያ መርፌ)፣ አልኮልና ጥጥ፣ የመርፌ ማስወገጃ ሳጥን፣ ጓንት፣ የፈቃድ ቅጽ፣ የሪፈር ወረቀት፣ ፓወር ባንክ። የመርፌ ሳጥኑን ማታ ጤና ጣቢያ አስረክቡ፤ ሰው ቤት ቆሻሻ ውስጥ ላንሴት መጣል የሚያስባርር ጥፋት ነው።

ግፊት ሦስት ጊዜ ይለካል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አማካይ ይያዛል። እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይደገፍ፣ ክንድ በልብ ትክክል ይሁን። ቡና ከቀረበ ልኬቱ ይቅደም፤ «እማማ፣ መጀመሪያ እንለካና ከዚያ አብረን እንጠጣለን» ቢባሉ የሚቀየም አላየሁም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ይመለስና መረጃውን ይላክ። ለመናበብ ቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነው፤ የተሳታፊ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቅጽ ፎቶ ግን አይገባበትም። ይህን ደንብ የጣሰ ቢኖር ወዲያውኑ አስጠፉና በማግስቱ ለሁሉም አስታውሱ።

7. ከፍ ያለ ቁጥር ሲገኝ

ይህን ከመጀመሪያው ቤት በፊት ጨርሱት። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ አማካይ የሪፈር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአንድ ቀን ልኬት ግን «ሕመም አለብዎ» አይባልም፣ «ጤና ጣቢያ ይታዩ» ይባላል። 180 በ120 ከደረሰ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለበት ሥራው ይቆማል፣ ነርሷ ከበሽተኛው ጋር ትቀራለች፣ ኤክስቴንሽኗ ወደ 907 ትደውልና አምቡላንሱን አስፋልት ላይ ትጠብቃለች፤ ሰፈሩ ውስጥ አድራሻ ስለሌለ ካልተጠበቀ አይደርስም።

ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ይሁን፦ ለሰውየው፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለጥናቱ። ባለሙያዋ በሦስት ቀን ውስጥ ሄዳ «ታዩ?» ብላ ትጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን እናንተ ጤና ጣቢያው የግፊት መድኃኒት እንዳለው ጠይቁ። መድኃኒት ወደሌለበት ሃምሳ ሰው ብትልኩ ሃምሳውም የሚመጡት እሷ ዘንድ ነው።

8. ክፍያ

ባጭሩ፦ በማዕረግ ሳይሆን በተሠራው ሥራ ክፈሉ፣ መጠኑን ለሁሉም በአንድ ስብሰባ አሳውቁ፣ የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ በየሳምንቱ በቴሌብር ይግባ። አንድ ቀን አብረው የዋሉ ሁለት ሰዎች አበላቸው የተለያየ እንደሆነ ከሦስተኛ ሰው ከሰሙ ቡድኑ ያን ቀን ፈርሷል። የመሥሪያ ቤታቸው ደንብ በሥራ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ የማይፈቅድ ከሆነም ቀድማችሁ ጠይቃችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

9. ጥራት መቆጣጠር ያለ ማዋረድ

ከየነርሷ ቤቶች ከአምስት እስከ አሥር በመቶውን ሱፐርቫይዘር ተመልሶ ሄዶ ጥቂት ጥያቄ ይድገም። በየማታው የግፊቱን የመጨረሻ አሃዝ ቁጠሩ። በዲጂታል መለኪያ እያንዳንዱ አሃዝ አንድ አሥረኛ ግድም መምጣት አለበት፤ ከሳምንት መረጃ ውስጥ ግማሹ በ0 ካለቀ አንዳች ነገር አለ። የመጠይቁን ርዝመትም እዩ፤ አርባ ደቂቃ የሚወስደው በአሥራ አንድ ካለቀ ጠይቁ።

ግን ለብቻዋ ጠርታችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ በ0 የሚያልቀው የበዛባትን ነርስ ስጠይቃት የመለኪያው ስክሪን ተሰንጥቆ የመጨረሻውን አሃዝ ማየት አቅቷት ኖሯል፤ ዕቃ አበላሽታ ትከፍል መስሏት ደብቃ ነበር። ለእሷ መለኪያ ቀየርን፣ የሳምንቱን መረጃ ለየን፣ ቤቶቹን ደግመን ሄድንባቸው።

10. ውጤቱን መመለስ

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ጥናት የደም ናሙና ተወሰደ፣ ምስጋና ቀረበ፣ ሄድን። ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ስመለስ ኤክስቴንሽኗ አብራኝ መዞር አልፈለገችም። «ደማችንን የት አደረሳችሁት ይሉኛል፤ ለክትባት ስሄድ እንኳ በሩን ገርበብ አድርገው ነው የሚያናግሩኝ» አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋነው እኛ ነበርን፤ እዳውን ስትከፍል የቆየችው እሷ ናት።

ስለዚህ የውጤት መመለሻውን ቀን ፕሮቶኮሉ ላይ፣ ወጪውንም በጀቱ ላይ አስቀምጡ። የግፊትና የስኳር ልኬት በዚያው ሰዓት በካርድ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል። የጋራው ውጤት መረጃ መሰብሰቡ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ በሁለት ዙር ይቀርባል፦ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ለሰፈሩ ሰው በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ። በእድሩ ላይ የምትናገረው ኤክስቴንሽኗ ትሁን፤ ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ የሕክምና ጥያቄ ሲመጣ ትመልስ፣ ተመራማሪው ከኋላ ይቀመጥ። ስላይድ አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ «ከአሥር ሰው ስንቱ» በሚል ስሌት፣ ተሳታፊዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ከጥግ ጥግ የሚነበብ ጽሑፍ። ወረቀቱ ስብሰባው ሲያልቅ ለጤና ጣቢያው ይሰጥና የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ግርጌው ላይ የጥናቱ ስልክ ቁጥር ይኑር፣ ስልኩም ቢያንስ ስድስት ወር ይነሣ።